የአባባ የጠዋት ክብደት

«ጫማው እምቢ አለው እኮ» አለች እህትየው፣ የአባታቸውን ሸራ ጫማ በእጇ አንጠልጥላ በሩ ላይ እንደቆመች። ወንድምየው ቀና ብሎም አላያት። አባቱ የቆሙበት ሚዛን ፊት ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን ከመስታወቷ በላይ ትክክል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስቷን እያነበበ ነበር። ቀስት በጎን ከታየች ትዋሻለች፤ እውነቱን የምትናገረው ከላይ በቀጥታ ሲያዩዋት ብቻ ነው፤ ይህን ለስንቱ ነጋዴ ሲያስተምር ኖሯል። «ግማሽ ኪሎ ነው የጨመረው» አለ። «ጫማ ኪሎ አያውቅም። ትናንት የገባ እግር ዛሬ አልገባም ነው የምልህ» አለችው። ሽማግሌው ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ፣ አንድ እጃቸውን ቁም ሳጥኑ ላይ ጣል አድርገው፣ ልጆቻቸው በእሳቸው እግር ሲነታረኩ የጎረቤት ጠብ እንደሚሰማ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ የተደረደረባት ወንበር፤ ከዚያ የተረፈው ሚዛኑ የተቀመጠባት የወለል ቁራጭ ብቻ ነው። መስኮቷ የምታየው የጎረቤትን የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ ጠዋትም መብራት ይበራል። አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ተደራርቧል። በቅርቡ ሁለት ነበር፤ ሦስተኛው መቼ እንደተጨመረ ያስተዋለ የለም። ክፍሉ የቅባት መድኃኒትና የታጠበ ብርድ ልብስ ይሸታል። እህትየው በየቀኑ ትጠርገዋለች፣ በየቀኑም ከሚዛኑ ዙሪያ ያለውን የእርሳስ መስመር እንዳታጠፋ ትጠነቀቃለች፤ አንዴ አጥፍታው የወንድሟን የተኮሳተረ ፊት ለአንድ ሳምንት አይታዋለችና።

ይህን ወንድሟን የሰፈሩ ሰው «ሚሊግራም» ይለዋል። በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ደመወዝ ሲፈርም ብቻ ነው። ሥራው ሚዛን መፈተሽ ነው፤ ከሥጋ ቤት እስከ ወርቅ ቤት፣ ከዱቄት መጋዘን እስከ መድኃኒት ቤት፣ የሚመዝን ነገር ሁሉ አንድ ቀን እሱ ፊት መቅረቡ አይቀርም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የሱ ግን በልቡም በአፉም ነበር። ወተት ሻጯ «አንድ ኪሎ ወተት» ካለች «ሊትር በይ እንጂ» ሳይላት አያልፍም። ጎረቤት የልጇ ክብደት መጨመሩን በደስታ ስትነግረው «መጠነ ቁስ ነው እንጂ ክብደት አይደለም» ብሎ ደስታዋን አኮማትሮ ይመልስላታል። አባቱ ደግሞ በስንዝርና በክንድ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መንገድን የሚለኩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሲጋራ ነበር፤ «እዚያ ለመድረስ ሁለት ሲጋራ ነው» ይላሉ። ልጃቸው ይህን በሰማ ቁጥር ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ደጋግመው ይሉታል።

ባለፈው ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነበር። ልባቸው ደክሟል፤ የደከመ ልብ ከሰውነት ውሃውን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ውሃው መጠራቀሙ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታወቀው ሚዛን ላይ ነው። በየጠዋቱ ይመዘኑ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሳትውሉ ሳታድሩ ይዛችኋቸው ኑ። ሚሊግራም ይህን ሲሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎት ነበር። ሌላው ልጅ ወላጁን በጸሎት ይረዳል፣ ያለውም በገንዘብ ይረዳል፤ ለሱ ግን መርጃው በሙያው በኩል መጣለት። ሚዛኑን ገዝቶ እንዳመጣው አላመነውም። ከመሥሪያ ቤቱ መፈተሻ ክብደቶቹን፣ ሰው የሚዛን ድንጋይ የሚላቸውን፣ አለቃውን ለምኖ ተዋሰና በታክሲ ጭኖ አመጣቸው፤ ባለታክሲው የመኪናዬ ሞላ ሊሰበር ነው እያለ ዋጋውን እጥፍ አስከፈለው። ክብደቶቹን ሚዛኑ ላይ እየደራረበ ፈተሸው። ወለሉን በውሃ ልክ አየው። ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ አሰመረ። ከቁርስ በፊት፣ ሽንት ቤት ከተደረሰ በኋላ፣ በዚያው ቢጃማ፣ በዚያው ካልሲ እንዲሆን ደነገገ። የሚጠረጠረውን ሁሉ ጠርጥሮ ሲጨርስ አንድ ብቻ ቀረው፤ ሚዛኑ ራሱ ከግማሽ ኪሎ በታች ሊታመን አይችልም። «ሲደመር ሲቀነስ ግማሽ ኪሎ በይው» ብሎ ለእህቱ አስረዳት። «ቁጥር ብቻውን አይሄድም እታለም። ጥርጣሬው አብሮት ነው የሚሄደው።» እሷም የተማረ ወንድም እንዳላት ሰው አመነችው።

«ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ማለት ምንም ማለት ነው» አለ አሁን፣ ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ። «ሚዛኑ ራሱ በዚያ ያህል ይሳሳታል። ሰሞኑን ሁሉ ያው ነው፤ ወጣ ገባ ይላል፣ ይመለሳል። ዓይን አይመዝንም።» እህቱ ጫማውን አልጋው ሥር ወረወረችው። ካልሲውን አውልቀህ እየው ልትለው ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ተወችው። እሷ አፏን የምታፍን ሴት ሆና አይደለም። ግን በቀደም ጊዜ «አባባ ደክሞብኛል፣ እንውሰደው» ብላ ቤቱን ያመሰችው እሷ ነበረች፤ ተወስደው፣ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ምንም የለባቸውም ተብለው ተመለሱ። ያን ቀን ወንድሟ «አየሽ፣ በዓይን ሲሆን እንዲህ ነው» አላት። ክፉ ቃል አልነበረም፤ ግን ከውስጧ አልወጣም። ሰው አንዴ ከተሳሳተ ልክ ሆኖም ይፈራል።

ሽማግሌው ከሚዛኑ ሲወርዱ ቁም ሳጥኑን ለቀው የአልጋውን ራስጌ ያዙ። «ታዲያ አለፍኩ?» አሉ። «አልፈሃል አባባ» አላቸው ልጃቸው። «ማኅተም አይደረግልኝም?» ሲሉ ሁለቱም ሳቁ፤ እሳቸውም ሊስቁ ጀምረው ሳል ቀደማቸው። ከዚያ ሻይ ቀረበ፣ ዳቦ ቀረበ፣ ሦስቱም ዝም ብለው ጠጡ። በዚህ ቤት ዝምታ ቁጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለሌላው ሲል የተወው ነገር ነው። እህትየው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ አባቷ ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ ዘግታው ከርማ ስትከፍት ደንበኛዋ ሁሉ ወደ ማዶው ሱቅ ተሻግሮ ጠበቃት። አሁን የፈተና ሰሞን ነው፤ ተማሪው እንደገና መመለስ ጀምሯል። አባትየው ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው ያውቃሉ። «በይ ሂጂ፣ ወረፋው ሳይረዝም» አሏት፣ ትንፋሻቸውን በመካከል እያሳረፉ። ሻዩን ሳትጨርስ ሄደች። ልጁም ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

የዚያን ቀን ተራው የቁርጥራጭ ብረት መግዣ ግቢ ነበር፤ ከአሮጌ መጋዘኖች ጀርባ፣ መሬቱ በዝገት ቀልቶ ዝናብ ሲመጣ ደም የሚመስል ጭቃ የሚሆንበት። ብረት ለቃሚዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡትን የተሰበረ ድስት፣ የአልጋ እግር፣ የመኪና ቸርኬ በጆንያ ተሸክመው ያመጣሉ፤ ግቢው በኪሎ ይገዛቸዋል። ሚዛኑ ይበላናል ብለው አቤት ካሉ ሰንብተዋል። ሚሊግራም የሄደው ከአዲሷ መርማሪ ጋር ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ቅርቧ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ ይሰፋታል። ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ቀስት የሚያነበው እሱ ነበር፤ ማንም እንዲነካበት አይወድም። ያን ቀን ግን «እስቲ ዛሬ አንቺ አንብቢ፣ ልመጂው» አላት። ደግነት መስሏት ደስ አላት። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ያ ሸራ ጫማ ከዓይኑ ላይ አልነሳ ብሎ ቀስት ላይ ማተኮር አቅቶታል። በልቡ ግማሽ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ ይላል፤ ሰው ራሱን ሲያሳምን እንዲህ ደጋግሞ መናገሩ በራሱ ደህና ምልክት አልነበረም።

መፈተሻ ክብደቶቹን አንድ በአንድ ጫኑ፣ አወረዱ። መሐሉ ላይ ፈተሹት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ፈተሹት። ሚዛኑ እንከን የለውም፤ እንዲያውም በከተማው ካያቸው ሁሉ ይህ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። የግቢው መዛኝ፣ ረዘም ያለ፣ ለሁሉም «እናቴ፣ አባቴ» የሚል ለስላሳ ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ልጅቷ የዓመቱን ማኅተም ልታትም ስታወጣ፣ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ለቃሚ ብድግ አለች። «ደህና ነው ልትሉት ነው?» «ደህና ስለሆነ ነዋ እናት ዓለም» አላት ሚሊግራም። «እሱ ደህና ከሆነ የኔ ብረት በረዶ ነው? ሰፈር ካለ ሱቅ አስመዝኜው ነው የምመጣው። እዚህ ስደርስ ቀልጦ ይጠብቀኛል!» ሁለት ሚዛን መቼም አንድ ቃል እንደማይናገር፣ የሱቁ ሚዛን ተፈትሾ እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ልዩነት እንደሚኖር ሊያስረዳት ጀመረ። ሴትየዋ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችውም። «እሱን ለሚገባው ንገርልኝ» አለችና ጆንያዋን ጎትታ ሚዛኑ ላይ ጣለችው።

መዛኙ ቀልጠፍ ብሎ የጆንያውን አንገት በጣቶቹ ያዘ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ልክ እንደተማረችው፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቀስቷ ላይ ተደፋች። ሚሊግራም ቆሞ ነው። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር እቃ በሚመዘንበት ቅጽበት ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፣ የሚያየውም ቀስት ብቻ ነው። አሁን የቆመ ሰው የሚያየውን አየ። የመዛኙ ጣቶች ጆንያውን አልደገፉትም፤ ወደ ላይ ይስቡታል። ጫፋቸው በኃይል ነጥቷል፤ የክንዱ ጅማት ተወጥሯል። «እጅህን አንሳ» አለው። «ይወድቃል ጌታዬ፣ ደገፍ አድርጌው ነው።» «ይውደቅ። አንሳ።» እጁ ሲነሳ ቀስቷ ተወርውራ አለፈች። ልጅቷ ከጎነበሰችበት «ውይ!» አለች። ለቃሚዋ ግቢውን በጩኸት ሞላችው፤ ሌሎችም ጆንያቸውን እየጣሉ መጡ፤ መዛኙ «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል።

ሚሊግራም አንዱንም አልሰማ። የታየው ሌላ እጅ ነበር፤ ቁም ሳጥን ላይ ጣል ያለ፣ ምንም የማይሠራ የሚመስል እጅ። በየጠዋቱ እዚያው ነበረ። ሽማግሌ ነው፣ ሚዛን ላይ ሲቆም አንድ ነገር ቢይዝ ምን ይገርማል፤ ደግሞስ እሱ መቼ ቀና ብሎ አይቶት ያውቃል? ወለሉን ጠርጥሯል፣ የሚዛኑን ሞላ ጠርጥሯል፣ ካልሲውን ሳይቀር ጠርጥሯል። የተመዘነውን ሰው ግን አልጠረጠረም። የስኳር ጆንያ ቀለል ብዬ ልታይ ብሎ አያውቅም፤ ሰው ግን ይላል። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም፣ ፈራ። ልጅቷን «ግቢውን አሽጊ፣ ለአለቃ ደውይ» አላትና ሌላ ቃል ሳይጨምር እየሮጠ ወጣ።

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ለእህቱ ደወለ። ከኋላዋ የማሽኑ ድምፅና የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። «ቁም ሳጥኑን ይዞ ነው የሚመዘነው» አላት። «ምን?» «አባባ። እጁን ተደግፎ ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው እታለም፤ ሁሉም ውሸት ነው።» ማሽኑ አንድ ወረቀት አወጣ፣ ሌላ አወጣ፣ ከዚያ ቆመ። «መጣሁ» ስትል ሰማትና ስልኩ ተዘጋ። ባለታክሲው የጠየቀውን ዋጋ ሳይከራከር ሰጠው፤ መልስም አልጠበቀ።

ሲገባ አባቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሦስቱን ትራስ ደረታቸው ሥር አቅፈው፣ ወደ ፊት ተደፍተው አገኛቸው። መተኛት አቅቷቸው ነው። አፋቸውን ከፍተው እየተነፈሱ «ምነው በሰላም? ተባረርክ እንዴ?» አሉት። ልጁ ሚዛኑን ከእርሳሱ መስመር አንስቶ በሩ አጠገብ፣ ምንም የሚያዝ ነገር በሌለበት አስቀመጠው። «አባባ፣ አንዴ ቁምልኝ» አላቸው። ጠዋት ተመዝኛለሁ አሉ፤ ደክሞኛል አሉ፤ ኋላም የልጃቸውን ፊት አዩና ያለ ሌላ ቃል ተነሱ። እህትየው ይህን ጊዜ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች፤ የሱቁ ቁልፍ በእጇ ነበር። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ፣ አባቱን ሳይነካቸው፣ ቢወድቁ ሊቀልባቸው ዙሪያቸውን ከቦ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ማንበብም፣ እሳቸውን መጠበቅም ለአንድ ሰው የሚሆን አልነበረም። «አንቺ አንብቢው» አላት። ተንበረከከች። «ይሄ ወፍራሙ መስመር ስንት ነው?» አለች። ነገራት። «ከሱ አልፎ… አንድ፣ ሁለት…» ብላ ቆመች። ከጠዋቱ አምስት ኪሎ ይበልጣል። ለዚህ ሲደመር ሲቀነስ አያስፈልገውም።

አስቀመጧቸው። እህትየው ካልሲያቸውን አወለቀች፤ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ቆዳው ውስጥ እንደ ቀለበት ገብቶ ቀርቷል፣ ከሱ በታች ያለው እግር ተነፍቶ ያብለጨልጫል። ሚሊግራም አየው። በየጠዋቱ ከአፍንጫው ሥር የነበረ እግር ነው። «መቼ ጀመርክ አባባ?» አላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኛ ዘንድ የሚዛን ጣቢያ ሲያጋጥም አንዷን ጎማ ከሚዛኑ ውጪ ትተዋታለህ። ያኔ ቀላል ትሆናለህ። ካልነቁብህ ታልፋለህ» አሉ። «መቼ ነው የጀመርከው አልኩህ?» «እኔ እንጃ… ትንፋሽ ያጠረኝ ጊዜ ነዋ። አንተ እንደሆንክ አልነቃህም፤ እኔም ሙያው አልጠፋኝም ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞረው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «እሱን ሱቅ ደግሞ ዘግተሽ እዚያ አግዳሚ ላይ እንድትከርሚ አልፈለግኩም። ቀስ ብሎ ይወርድ መስሎኝ ነው» አሏት። እሷ ፊቷን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞረች። ያለቀሰች እንደሆነ ወንድሟ አላየም፤ ሊያይም አልደፈረም። የሽማግሌውን ኮት ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አለበሰቻቸው፣ እግራቸውን ግን የሚገባበት ነገር ስላጣች በፎጣ ጠቀለለችው።

የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር እንደሁልጊዜው ሙሉ ነው። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ውሃ ልግዛ ብሎ ይሄድና ወረፋውን ያጣል። አባትየውን ግን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ይህም ልጆቹን ይበልጥ አስፈራቸው። ወጣቷ ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠች፣ ኦክስጅን አደረገችላቸው፣ መርፌ አዘዘች። «ክብደታቸው ስንት ነው?» አለች። ሚሊግራም ነገራት፤ ልማድ ሆኖበት «ሲደመር ሲቀነስ ግማሽ ኪሎ» ብሎ ጨመረ። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «እሱ ይቅርብኝ። በፊትስ? በየቀኑ መዝኑ ተብላችሁ አልነበር? ከመቼ ጀምሮ ነው የጨመረው?» አለችው። የጠዋቱን፣ የትናንቱን፣ የሰሞኑን ቁጥር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አንዱም የማይረባ ነው። የአባቱ እጅ መቼ ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳረፈ፣ በየትኛው ጠዋት ምን ያህል ኪሎ እንደተሸከመ አያውቅም። «አላውቅም» አላት። በሥራ ዘመኑ ስለ ሚዛን ተጠይቆ ይህን ሲመልስ የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሟ መጋረጃውን ስባ ገባች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ነው። እህትየው መድኃኒት ግዙ የተባለውን ከውጪ ካለው መድኃኒት ቤት ገዝታ ተመለሰች፣ ዋጋው እንደጨመረ ለማንም ሳይሆን ለራሷ ተናገረች፣ አግዳሚው ላይ ከወንድሟ ራቅ ብላ ተቀመጠች። በመካከላቸው የማያውቁት ሰው መጥቶ ተቀመጠ። አንዴ አስገቧቸው፤ አባታቸው ጭምብሉን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «ሱቁ ተዘጋ?» ብለው ጠየቁ። «ሰው አስቀምጫለሁ አባባ፣ ክፍት ነው» አለቻቸው። ውሸቷን ነው፤ ወንድሟም ያውቃል፤ ምናልባት እሳቸውም ያውቁ ይሆናል። ራሳቸውን ነቀነቁና ጭምብሉን መለሱ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ የኮሪደሩ መብራት ገና ሳይበራ፣ ሐኪሟ ወጥታ ሁለቱን በስም ሳይሆን በዓይኗ ጠራቻቸው። ውሃው ሳንባቸውን ሞልቶት ነበር፤ ልባቸው መድኃኒቱን አልጠበቀውም።

ሚሊግራም አላለቀሰም፤ ያ ገና ይመጣል። ሐኪሟን እስከ በሩ ተከትሎ «ጠዋት አምጥተናቸው ቢሆን ኖሮስ?» አላት። እሷ የደከማት ልጅ ናት፤ ቢሆንም ቆመችለት። «ያን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም» አለችው። «የልባቸው ሁኔታ፣ ዕድሜያቸው፣ ብዙ ነገር አለ። አይታወቅም።» ትክክለኛ መልስ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ የሚመልስ ሰው ያከብር ነበር፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ከሚናገር የተማረ ሰው ይሻላል ይል ነበር። አሁን ግን ቃሉ እንደ ብርድ ልብስ ሲያቅፈው ተሰማው። አይታወቅም። በዚህ ቃል ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተሸፋፍኖ መኖር ይችላል፤ ማንም አያወጣውም፣ ማንም ተሳሳትክ አይለውም። ይህን ማወቁ ራሱ አሳፈረው።

እህቱ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ናት። በመካከላቸው የነበረው ሰው ሄዷል። አጠገቧ ተቀመጠ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ እግራቸውን እንዲያነሱላት ጠየቀቻቸው፣ አነሱላት፣ አለፈች። «ጠዋት ብንወስደው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለች እህቱ፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

«ሐኪሟ አይታወቅም ብላለች።»

«ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር፤ እሱኑ ነው የነገረችኝ። አሁን የምጠይቀው አንተን ነው።»

እጁን አየው። ምንም አልያዘም፤ የሚይዘውም አልነበረም።

«ይተርፍ ነበር» አላት።

እህቱ ዓይኗን ጨፈነች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፣ ትመታኛለች ብሎም ጠበቀ፤ ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች፣ የአክስታቸውን ቁጥር ፈልጋ አገኘችና ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔ አልችልም። አንተ ንገራት» አለችው።

ደወለ። ከወዲያኛው ጫፍ ወዲያው ተነሳ፤ እጇ ላይ ይዛው ኖሯል። «ሄሎ፣ አንተ ነህ የኔ ጌታ?» አለች አክስቱ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያስቀው ከፍ ባለ ድምፅዋ። «እንዴት ዋለልኝ ወንድሜ?»